መምህር ደምለው ይታያልን በሂያጅ ምድር ናዳ ስለ ማጣታችን

የደባርቅና ዳባት አካባቢ የታሪክና የጂኦግራፊ መምህራን ማኅበር የቀድሞ ሰብሳቢው መምህር ደምለው ይታያል በኃምሳ ሁለት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ማለፋቸውን ለአባላቱና ለሕዝቡ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። መምህሩ ያረፉት ነሐሴ 11 ቀን 2005 ዓ.ም. ከዳባት በላይ አዲስ ሰፈር በተባለው የሰፈራ መንደር በደረሰው የመሬት ናዳ ነው። አስከሬናቸው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

መምህር ደምለው በ1953 ዓ.ም. በዳባት ተወለዱ። ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባትና በደባርቅ ትምህርት ቤቶች ታሪክና ጂኦግራፊ አስተምረዋል።

በ1986 ዓ.ም. ከጎንደር አንድ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ያባዙላቸውን ከሦስትና ከአራት መቶ ዓመት በፊት በአውሮፓ የተሠሩ ካርታዎች በዱቄት ከረጢት ላይ ለጥፈው፣ ጠቅልለው በትከሻቸው እየተሸከሙ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት አዞሩ። በእነዚያ ካርታዎች ላይ የአገራችን ንጉሥ ግዛት የአፍሪካን እኩሌታ ይሸፍናል፤ ዓባይም ከጨረቃ ተራሮች ሥር ካሉ ሁለት ሐይቆች ይፈልቃል። ሠሪዎቹ አገሩን አላዩትም። በጦርነት የሚያግዛቸው የሩቅ ክርስቲያን ንጉሥ ይሹ ስለነበር የተመኙትን ያህል አሰፉት። የኋለኞቹ ደግሞ ያላረጋገጡትን ፍቀው ነጭ አድርገው ተዉት፤ ነጩን ያየ ሁሉ ሰው የማያውቀው ምድር መሰለው። መምህሩ ለተማሪዎቻቸው፣ «ባዶ ማለት ያልጠየቁት ማለት ነው» ይሉ እንደነበር ብዙዎቻችን እንመሰክራለን።

ከ1999 እስከ 2001 ዓ.ም. በየክረምቱ ዕረፍት ከዳባት እስከ በየዳ በእግራቸው እየተጓዙ ከስድስት መቶ በላይ የቦታ ስሞችን መዘገቡ። በኋላ አዲስ ሰፈር የተባለውን ተዳፋት ሽማግሌዎች ሂያጅ ምድር እንደሚሉት የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ምክንያቱን የሚነግራቸው ግን አላገኙም። በአቅራቢያው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን በ1983 ዓ.ም. አገር ለቀው ሄደዋል።

በ2004 ዓ.ም. አርባ ሦስት አባወራዎችን በዚሁ ቦታ ለማስፈር ዕቅድ ቀረበ። ከሩቅ ተሠርቶ የመጣው ካርታ መሬቱ ለጥ ያለ፣ ለመንገድ የቀረበና ባዶ መሆኑን ያሳይ ነበር። መምህር ደምለው ከእነዚያ ቤተ እስራኤላውያን አንዱ ወደሆኑት፣ አሁን እስራኤል ወደሚገኙት የቀድሞ አንጥረኛ አቶ ታገኘ ስልክ ደወሉ። የሰሙትንም በጥር ወር ስለ ዕቅዱ በተደረገው ስብሰባ ላይ ከማስታወሻቸው አነበቡ፤ በቃለ ጉባኤው እንዲህ ሰፍሯል፦

«ልጄ ደምለው፣ ቦታውን የተውነው ወደን መሰለህ? በአያቴ ዘመን በአንድ ክረምት መንደሩ ቁልቁል ሄደ። ሰዎቻችን ከነቤታቸው ከሥሩ አሉ። ማንም እዚያ ምሰሶ እንዳይተክል።»

ካርታውን ያቀረቡት ባለሙያ፣ «ይህ በካርታው ላይ አይታይም» ሲሉ መለሱ። መምህሩም፣ «እንዴት ይታይ? ካርታውን የሠራው ሰው አቶ ታገኘን አልጠየቀማ!» አሉ። ዕቅዱ በድምፅ ብልጫ ጸደቀ። ማኅበራችን በዚያ ስብሰባ ሁለት ተወካዮች ነበሩት፤ አንዳቸውም ተቃውሞ አላሰሙም። ይህን ሳንጽፍ ሐዘናችንን ብንገልጽ ግማሹን መደበቅ ይሆንብናል።

ሰፈራው ከተፈጸመ በኋላ መምህሩ በየወሩ ወደ መንደሩ እየሄዱ፣ ምንጩ ከደፈረሰ ወይም የቤት መዝጊያ አልገጥም ካለ ማንም ሌላ ምልክት ሳይጠብቅ ወደ ላይ እንዲወጣ ነዋሪዎቹን አስጠንቅቀዋል።

ነሐሴ 11 ቀን ንጋት ላይ፣ ዝናቡ ዘጠኝ ቀን ከጣለ በኋላ፣ የመንደሩ ነዋሪ አቶ ቢራራ ደውለው ምንጩ ቀይ መሆኑን ነገሯቸው። «ከብቱን ተዉት። ልጆቹንና አረጋውያኑን ይዛችሁ ውጡ፤ መጣሁ» አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አምሳል ዝናቡ እስኪያባራ እንዲቆዩ ቢለምኗቸው፣ «ካባራማ ምን ያስኬደኛል?» ብለው ወጡ።

እንደደረሱ በየደጁ እያንኳኩ ሰዉን አስወጡ፤ አንዲት በሽተኛ እናትንም ከአቶ ቢራራ ጋር በቃሬዛ ተሸክመው ከተዳፋቱ በላይ አሻገሩ። እዚያ ሲቆጠር አንድ ቤተሰብ ጎደለ። አቶ ቢራራ ክንዳቸውን ቢይዟቸውም አስለቅቀው ተመለሱ። ቤተሰቡ ዋዜማውን ወደ ዳባት ወርዶ እንደነበር የታወቀው ከቀትር በኋላ ነው። ምድሩ የሄደው መምህሩ የዚያን ባዶ ቤት መዝጊያ ሲያንኳኩ ነበር። ሌላ የጠፋ ሰው የለም።

ፍለጋው በአምስተኛው ቀን ቆሟል፤ ከናዳው በላይ ያለው መሬት አሁንም ስለሚንቀሳቀስ ቆፋሪ ማሰማራት አልተቻለም። የአርባ ቀን መታሰቢያውም በሥፍራው ሳይሆን በደባርቅ ይደረጋል።

ማኅበራችን ለወይዘሮ አምሳል፣ ለልጃቸው ለሊያ፣ ለሥራ ባልደረቦቻቸውና ለተማሪዎቻቸው፣ እንዲሁም በሩቅ ሆነው መርዶውን ለሰሙት ለአቶ ታገኘ መጽናናትን ይመኛል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን።

ካልተናደው ወገን አሥራ አንድ አባወራዎች ወደ ቤታቸው መመለሳቸውን ሰምተናል። አባሎቻችን ነሐሴ 15 ቀን ከቤቶቹ በላይ አንድ ስንዝር የሚሰፋ ስንጥቅ አይተዋል፤ ትናንት ሁለት ስንዝር ሆኗል። ክረምቱ ገና አልወጣም። ወገኖቻችን፣ ደጃችሁን የሚያንኳኩት መምህር ዛሬ የሉም፤ ጥሪ ሳትጠብቁ ውጡ።

ደባርቅ፣ ነሐሴ 17 ቀን 2005 ዓ.ም.