ሽቦውን የቆረጡት የአቶ ጃራ ቦጂያ የሕይወት ታሪክ

አቶ ጃራ ቦጂያ ከአባታቸው ከኦቦ ቦጂያ ሁንዴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅቱ በየካቲት ወር 1915 ዓ.ም. በሱሉልታ ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሲፈቅድ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። አማርኛውንም ኦሮምኛውንም አሳምረው ይናገሩ ነበር፤ ብቻ ካልጠየቋቸው በሁለቱም አይናገሩም። እናታቸው በዚህ ጠባያቸው ሲያሾፉባቸው ኖረዋል።

በ1937 ዓ.ም. እንጦጦን ተሻግረው አዲስ አበባ ገቡና በአንድ ሆስፒታል በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠሩ። መጥረጊያቸውን ይዘው በር ላይ ቆመው የቁስል አጠባውን ሁሉ በዓይናቸው ስለለቀሙ አለቆቻቸው ታዝበው አሠለጠኗቸው። በ1942 ዓ.ም. ድሬሰር ሆኑ። እጃቸው ቀላል ነው ስለተባለም የተመደቡት ሕፃናት በተኙበት ክፍል ነበር።

በ1946 ዓ.ም. የቡራዩ ተወላጅ የሆኑትን ወይዘሮ ጠጅቱን አገቡ። በ1949 ዓ.ም. ልጃቸው ድንቅቱ ስትወለድ ወይዘሮ ጠጅቱ በሳምንታቸው ዐረፉ። ሕፃኗን የሟች ታላቅ እህት ወይዘሮ ተረፈች ወደ ቡራዩ ወስደው፣ የራሳቸውን ልጅ በአንድ ጡት፣ እሷን በሌላው እያጠቡ አሳደጉ። አቶ ጃራ ሌላ ትዳር አልያዙም።

ድንቅቱ ስታድግ የፊቷ መካከለኛ አጥንት አብሯት አላደገም። ግንባሯና አገጯ ወደፊት ሲሄዱ ጉንጮቿና የላይኛው መንጋጋዋ ወደ ኋላ ቀሩ። ዓይኖቿ ማረፊያ አጥተው ወደ ውጭ ወጡ፤ ስትተኛ እንኳ ቆባቸው አይገጥምም። በአፍንጫዋ መተንፈስ ስለማይሆንላት ግድግዳ ተደግፋ ነበር የምታድረው። ሰው ቡዳ ነው አለ፤ እርግማን ነው ያለም አልጠፋም። አቶ ጃራ ግን ሐኪም ጠየቁ። ስትወለድ አብሯት የመጣ መሆኑን፣ አጥንቱ በቀዶ ጥገና ወደፊት ካልመጣም ዓይኖቿ እየደረቁ እንደሚጠፉ ተነገራቸው።

ከዚያ ወዲያ በዚህ ዓለም የሚፈልጉት የልጃቸው ዓይን እንዲተርፍ ብቻ ሆነ። ከባሕር ማዶ አዲስ ሐኪም በመጣ ቁጥር ድንቅቱን ይዘው ኮሪደር ላይ ይጠብቁታል። ሻይ ሊጠጣ የወጣ ሐኪም እሳቸውን ሲያይ መንገድ እስኪቀይር ድረስ አሰልችተዋል። እንዲህ ሲሉ አሥር ዓመት ሊሞላ ጥቂት ቀረው።

በ1961 ዓ.ም. ለጥቂት ወራት የመጣ አንድ ቀዶ ሐኪም እሺ አላቸው። መጋቢት 16 ቀን የድንቅቱ የፊት አጥንት ከራስ ቅሏ ተላቆ ወደፊት ተሳበ፤ ክፍተቱም ከዳሌዋ በተወሰደ አጥንት ተሞላ። አጥንቱ እስኪይዝ የላይና የታች ጥርሶቿ ለስምንት ሳምንት በሽቦ ታሰሩ። ምግቧ በጥርሷ ክፍተት የሚገባ ወተትና ሾርባ ሆነ። ድንገት ብታስመልስ እንዳትታፈን የሽቦ መቁረጫ ጉጠት ከራስጌዋ ተሰቀለ። በሁለተኛው ሳምንት ድንቅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከድና ተኛች። አቶ ጃራ የዚያን ቀን ምሳ እንኳ ሳይበሉ የተከደነውን ዓይኗን ቆመው ሲያዩ ዋሉ።

ሚያዝያ 5 ቀን፣ በፋሲካ ዕለት፣ ሽቦው ተቆርጦ ተገኘ። አጥንቱ ገና አልያዘም ነበርና ወደ ኋላ ተመለሰ። አቶ ጃራ ሲጠየቁ፣ ጥርሷን ሳጸዳ በስሕተት ቆረጥሁት ብለው መለሱ። ከሥራ ተሰናበቱ። ሐኪሙም ቁስሉ ሳይሽር ደግሞ መቅደድ አይቻልም አለ፤ ጊዜውም ደርሶ ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1963 ዓ.ም. የድንቅቱ ሁለቱም ዓይኖች ጠፉ።

ዘመድ ፊቱን አዞረባቸው። ከሁሉ የከፋው ይህን ታሪክ የሚጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ኢተፋ ነው። በአባታቸው ተዝካር ላይ፣ በሰው ፊት፣ «ልጅህን ያሳወርሃት አንተ ነህ!» አላቸው። አቶ ጃራ «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ልክ ነህ» ብለው አንገታቸውን ደፉ። ኢተፋ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነፈጋቸው።

ድንቅቱ ሰበታ በሚገኘው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስትገባ እሳቸውም እዚያው ቤት ተከራይተው መርፌ እየወጉ፣ ቁስል እያጠቡ ኖሩ። የልጃቸውን የነጥብ ፊደል በጣታቸው ለማንበብ ብዙ ታግለዋል። ድንቅቱ እየሳቀች ታርማቸው ነበር። ካለፈው ክረምት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው እሑድ ጥር 26 ቀን 1966 ዓ.ም. በሃምሳ ዓመታቸው ዐረፉ።

አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ ወይዘሮ ተረፈች ከለቀስተኛው መካከል ተነሥተው እውነቱን ተናገሩ። በዚያ ፋሲካ ዶሮ ወጥ ይዘው ልጅቱን ሊጠይቁ ሄደው ነበር። አገሩ ሁሉ ጾም ሲፈታ ያጠቧት ልጅ ሾርባ ስትመጥ ማየት አላስቻላቸውም። ትንሽ ጉርሻ በወጥ አርሰው በጥርሷ ክፍተት አስገቡላት። ድንቅቱ ታፈነች፤ ፊቷ ጠቆረ። አቶ ጃራ ሮጠው ደርሰው ሽቦውን ቆረጡና መንጋጋዋን ከፍተው ጉርሻውን አወጡ። ነፍሷ ተመለሰ። ከዚያም ለወይዘሮ ተረፈች፣ «እትዬ፣ ልጄን አጥብተው ያሳደጉልኝ እርስዎ ነዎት። ሽቦውን የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩ» አሏቸው። ድንቅቱንም እንዳትናገር አስማሏት።

ኢተፋ ሰላምታ የነፈገው ድንቅቱን ከሞት ያወጣውን እጅ ነው። ይቅርታ የሚጠይቅበት ጊዜ አልፎታል፤ ይህም ያንገበግበዋል።

አቶ ጃራ የአንዲት ሴት ልጅ አባት ነበሩ። ድንቅቱ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ኢተፋ የወይዘሮ ተረፈች ስም ከዚህ ጽሑፍ እንዲቀር ለምኗቸው ነበር። እሳቸው ግን፣ «እሱ ስሙ እንደጠፋ አይቀበርም። የኔን ጻፉት፤ ሲነበብ ቆሜ እሰማለሁ» አሉ። አሁን የድንቅቱን እጅ ይዘው እዚህ ቆመዋል።

ሰው ያላወቀላቸውን የሚያውቅ አምላክ የአቶ ጃራን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ ለእኛም ይቅርታ የምንጠይቀው ሰው በሕይወት ሳለ ልብ ይስጠን።