በቡናማው መስመር ወደ ሠርግ

ፀደንያን ሰጡን! እልል በይልኝ ኮከቤ! ሰላምታውን ደስታው አስረሳኝ። ልጅቷን ለልጄ ለፍሬአብ ልንጠይቅ ከሽማግሌዎቹ ጋር እነሱ አገር ቀየት ገብተናል። አውቶቡሱ ይዞራል ብዬ፣ ፍሬአብ የሚያስተምርበትን ካርታ ዘርግቼ «ይኸው ቡናማ ቡናማ መንገድ ሞልቷል፤ በእግር እናቋርጥ» አልኳቸው። ለካ መስመሩ የከፍታ ኖሯል፤ በተጠጋጋ ቁጥር ገደል ነው! ከሽማግሌዎቹ አንዱ መሪጌታ ይሥሐቅ ዳገቱ ላይ «አንቺ ሴት፣ መንገድ ነው ወይስ መቃብሬን ነው ያየሽልኝ?» አሉኝ።

ሽማግሌ «ሰጥተናል» ሳይባል እንደማይቀመጥ ታውቂያለሽ። እኛ ግን ገና ከመግባታችን ሁላችንም መደቡ ላይ ዘፍ! ክው አልኩ፤ በቃ ልጅቷን አጣናት ብዬ። አባቷ አቶ አጥናፉ ግን በየት እንደመጣን ሲሰሙ በሳቅ ፍርስ አሉ። «በመኪና መጥቶ የቆመውን ስንቱን መልሻለሁ! ለልጄ ብሎ ይህን ገደል የወጣ ግን ይቀመጥ፤ ሰጥቻለሁ!»

እዚህ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ የዓለም ከተማ ፀሐያችን ናፈቀችኝ። ፖስት ካርዱ ሞላብኝ እንጂ ወሬውስ ገና ነው። ወለተኪዳንን፣ ልጆችሽን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሳሚልኝ። ማንም እንዳይቀር፤ ሠርጉ በጥር፣ የአስተርዮ ማርያም ማግሥት ነው!