አንገቷን የደፋችው መብራት

ሰኞ

ዛሬም ደፋች! ማሂ አንዷን ደንበኛ አስተኝታ ሽፋሽፍት እየቀጠለችላት መብራቷን ሳብ ስታደርጋት፣ ድፍት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፣ «አዲስ እንግዳ ስለሆንሽ እጅ እየነሳችሽ ነው» አልኳት። ደንበኛዋ ሳቀች፣ ስትስቅ አይኗ ተንቀጠቀጠ፣ ማስቲሹ ጉንጯ ላይ ደረቀ። ማሂ የወረወረችብኝ ማበጠሪያ እስካሁን አልተገኘም።

ማሂ ታላቅ እህቴ ናት። የውበት ሳሎኗን ባለፈው ሳምንት ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር ወደ ጌጃ ሰፈር ስናዛውር ያቺን መብራት የፈታሁት እኔ፣ የገጠምኩትም እኔ። በብረት ክንድ ከግድግዳ የምትንጠለጠል ናት፣ መሃሏ ላይ አጉሊ መስታወት አላት። ድሮ ወደ ላይ ቢገፏት፣ ወደ ታች ቢስቧት ፊቷ ሁሌ ወደ አልጋው ነበር። አሁን ክንዷ ዝቅ ሲል ግድግዳ ታያለች፣ ከፍ ሲል የደንበኛ እግር ታበራለች። እግር ላይ ሽፋሽፍት አይቀጠል ነገር!

የእኔ ስራ ግን ቆንጆ ነበር። እንደውም ክንዷ ላይ ጎን ለጎን የተገጠሙ ሁለት አንድ አይነት ዘንጎች ነበሩ። አንዱ ከበቃ ሁለተኛው ምን ይሰራል ብዬ አንዱን አስተረፍኩና የትንሿ መስኮት መጋረጃ መስቀያ አደረግኩት። ማሂ ራሷ «ዛሬስ ተባረክ» ብላኛለች። አራዳ ማለት ይሄ ነው።

ማክሰኞ

ቅዳሜ ሙሽራ አለችን። ሊያ ትባላለች፣ ከነሚዜዎቿ ነው የምትመጣው። በአዲሱ ሰፈር የመጀመሪያዋ ሙሽራ ናት። ማሂ «እሷ ካማረባት የጌጃ ሰፈር ሴት ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚመጣው። ከተበላሸች ግን ዘግቼ ነው የምገባው» አለች። ስትናገር አላየችኝም፣ መብራቷን ነው የምታየው።

ዛሬ የሞከርኩት፦

ብሎኗን አጠበቅኩ። ክንዷ ሲንቀሳቀስ አንገቷም አብሮ ይዘማል።

ብሎኗን አላላሁ። የሰከረ ሰው ሆነች።

ፕላስተር ጠመጠምኩባት። ማሂ «ታማሚ አስመሰልካት» አለች።

በመጨረሻ የበሩን ጓጉንቸር ከጀርባዋ አንጠለጠልኩ፣ ክብደቱ ቀና ያደርጋታል ብዬ። እውነትም ቀና አለች! ማሂ ደስ ብሏት ስባ ስትለቃት ግን ጓጉንቸሩ እንደ ደወል ተወዛውዞ ግንባሯን አላት። ሳቄ አመለጠኝ። ባልስቅ ኖሮ እራት ይሰጠኝ ነበር።

ረቡዕ

መብራቷን ፈትቼ በያጁ ጋሽ ከድር ጋ ሄድኩ። ሱቃቸው ከእኛ ሁለት በር አለፍ ብሎ ነው።

«ጋሼ፣ አንገቷን ይበይዱልኝ» አልኳቸው።

አገላብጠው አዩዋት። «እበይድልሃለሁ። ቀጥ ትላለች። ግን እንደ ስልክ እንጨት ነው የምትቆመው። ከዚያ ደንበኛዋን እያነሳህ ዝቅ ከፍ ልታደርጋት ነው?»

ሰራተኞቻቸው ሳቁ። እኔ ሰው ላይ ስቀልድ እንዲህ አይነት ስሜት ነው እንዴ የሚሰማው? ደስ አይልም።

መልሼ እንደገጠምኳት ሊያ ለሙከራ መጣች። ማሂ ግማሽ ስራ ላይ ሳለች መብራቷ ሙሽሪትን ትታ ግድግዳ ማየት ጀመረች። ማሂ በክርኗ ልትመልሳት ስትል ወረንጦዋ ሳተ፣ ሊያ «አይኔን!» ብላ ተነሳች። ደግነቱ ምንም አልሆነችም።

«ቅዳሜም እንዲህ ናት?» አለች።

«አይ፣ ትሰራለች» አለች ማሂ።

«ማሂዬ፣ አትቀየሚኝ። እስከ አርብ ካልተስተካከለች ሜክሲኮ አደባባይ ሌላ ሳሎን እይዛለሁ። ሰርጌ ነው።»

ማሂ ማታ አልሰደበችኝም። ስድብ ሲቀር ነው የምፈራው።

ሐሙስ

ገባኝ! ገባኝ! ግን ማን ይስማኝ!

ማሂ የፊት ዱቄትና የጥፍር ቀለም አስይዛ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ያለች ደንበኛ ጋ ላከችኝ። አድርሼ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ወደ ታች ሳይ መብራት ጠፍቶ የከተማው ባቡር ሃዲዱ ላይ ቆሟል። ከላይ ሆኜ ጣሪያውን ነው የማየው። ጣሪያው ላይ ያለው፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን የሚነካው የብረት ክንድ ቀስ ብሎ ታጠፈ፣ ቆይቶ መብራቱ ሲመጣ ተመልሶ ተዘረጋ። ክንዱ ሲታጠፍም ሲዘረጋም አናቱ ላይ ያለው ጠፍጣፋ ነገር እንደ ትሪ ቀጥ ብሎ ነው የወጣ የወረደው። ለምን እሱ አይደፋም ብዬ በኮሪደሩ መከለያ ተንጠልጥዬ አየሁ። ከወፍራሙ ክንድ ጎን አንድ ቀጭን ዘንግ አብራው ትሄዳለች። አናቱን ይዛ የምታስተካክለው እሷ ናት።

ጎን ለጎን። ሁለት ዘንግ። አንዱን ማን አስተረፈው?

እስከ ጌጃ ሰፈር ሮጥኩ። ገብቼ «ማሂ፣ መጋረጃው ነው! መጋረጃውን አውርጂው!» ብዬ ጮህኩ። ከመጋረጃው አጠገብ ደንበኛ ተኝታለች።

«ደንበኛዬን ለመንገደኛ ልታሳይብኝ ነው?»

«ወላሂ፣ በማርያም፣ በፈለግሽው! መብራቷን የሚያስተካክለው የመጋረጃው ዘንግ ነው።»

«ባለፈውስ ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጡ ብለህ በአንድ እግር ጫማ አላስሮጥከኝም? ከዚህ በኋላ ዕቃዬን ብትነካ ውጭ ነው የምታድረው።»

ደንበኛዋ ሳትቀር «ውይ፣ ተዋናይ ነው እኮ» አለች። በህይወቴ አንዴ ሳልፎግር ብናገር ጭብጨባ ብቻ ነው የቀረኝ።

አርብ

ሊያ ከሰዓት ትመጣለች። ማሂ ጠዋት ስልኳን ይዛ ሶስቴ ከፈተች፣ ሶስቴ አስቀመጠች። ሊያን «ሜክሲኮ ያዢ» ልትላት ነው። ከዚያ ማስቲሽ ልትገዛ ወጣች።

እኔ ደግሞ መፍቻ ይዤ ወንበር ላይ። መጋረጃውን አወረድኩ፣ ዘንጉን ክንዷ ላይ መለስኩ፣ ብሎኖቹን ሳስር አንዱ ወድቆ አልጋ ስር ገባ። እሱን ስፈልግ የጠፋችውን ማበጠሪያ አገኘኋት።

ማሂ ስትመለስ እኔ አልጋ ስር፣ መጋረጃው መሬት ላይ። ጫማዋን አወለቀች።

ብሎኑን ይዤ ወጣሁ፣ ቶሎ አሰርኩና «ከመምታትሽ በፊት መብራቷን ሳቢያት» አልኳት።

ሳበቻት። ገፋቻት። ወደ ጎን አዞረቻት። መብራቷ አልጋውን ብቻ ታያለች። ማሂ ግን እኔን ታውቀኛለች፣ አላመነችም። ከፔርሙዝ ብርጭቆ ሙሉ ሻይ ቀድታ መብራቷ ጀርባ ላይ አስቀመጠች።

«ከስር ተኛ።»

«ማን?»

«እኔ ልሁን? ተኛ!»

ተኛሁ። ሻዩ ትኩስ ነው፣ እንፋሎቱ ይታየኛል። እስከ አፍንጫዬ አወረደችው። መለሰችው። ደግማ አወረደችው። ሻዩ ብርጭቆው ውስጥ ትንሽ ተወዛወዘ እንጂ ጠብ አላለም። አይኔን ስገልጥ ሊያ በር ላይ ቆማለች።

«እሱ ከተረፈ እኔም እተርፋለሁ» አለች።

ማሂ ሻዩን አውርዳ ጠጣችው። «ጎበዝ» አላለችኝም። «መስኮቱስ?» አለችኝ።

ቅዳሜ

እጄ ብዕር አልይዝ እያለኝ ነው የምጽፈው።

መጋረጃው መስቀያ የለውም፣ ሙሽሪትና ሚዜዎቿ ደግሞ በጠዋት ደረሱ። ማሂ «ዘንጉን የፈታው እጁን ይዘርጋ» ብላ ጨርቁን ሰጥታ ወደ ውጭ ገፋችኝ። ጀርባዬን ለመስኮቱ ሰጥቼ፣ መጋረጃውን በሁለት እጄ ወጥሬ ቆምኩ። ያ ሁሉ ሚዜ እስኪያልቅ! የሰፈሩ ሰው በሙሉ ሙድ ያዘብኝ። ጋሽ ከድር ሲያልፉ ትከሻዬን መታ አድርገው «ልበይድህ?» አሉኝ።

ክንዴ ዝቅ ባለ ቁጥር ከውስጥ የማሂ ድምፅ ይመጣል፣ «ቀና በል!»

ከዚያ እልልታ። ሊያ ወጣች። አይኗ፣ በቃ አይኗ! ሁለት የሰፈር ሴቶች እዚያው በር ላይ ማሂን «ለእኛስ መቼ ነው?» ሲሏት ሰማሁ።

አንዲት ሚዜ ገና ስለቀረች አልተፈታሁም። ማሂ ሳህን ይዛ ወጣች። ሳቅ ሳቅ ብሏታል። «እጅህ ተይዟል፣ ላጉርስህ» አለችኝ። ከረቡዕ ወዲህ እንዲህ ለስለስ ብላ አታውቅም። አምኜ አፌን ከፈትኩ።

ሚጥሚጣ ነበር። ውስጡ ሌላ ምንም የለም።

እንባዬ ወረደ፣ እሷ በሩን ተደግፋ ሆዷን ይዛ ትስቃለች። መጋረጃውን ግን አልለቀቅኩም።