ግማሽና ሲሶ

ጅቡቲ፣ ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለዮሳዲቅ፤

ሙቀቱ ገብቷል፤ ጤናዬን ግን ደህና ነኝ። ማዳምም ልጆቿም ደህና ናቸው። ይህን በስልክ ያልነገርኩህ ድምፅህን ከሰማሁ እንደምራራልህ ስለማውቅ ነው። ስጽፈው ግን ንዴቴ አብሮኝ ይቆያል፤ እንዲቆይም እፈልጋለሁ።

ትናንት ዓርብ እረፍቴ ስለነበር እንደ ልማዴ ካርቲየ 7 ቢስ ሰፈር ሰብሊ ቤት ሄድኩ። ሰብሊ ለአገራችን ሾፌሮች ምሳ የምትሸጠው ጓደኛዬ ናት፤ ስንቴ አውርቼልሃለሁ። እዚያ ደምመላሽ የሚባል የከባድ መኪና ሾፌር የልጁን ደብተር ለሰው ሁሉ እያሳየ ነበር። ልጁ እንቁ መተሐራ ስድስተኛ ክፍል ትማራለች። መንገድ ላይ ስትናፍቀው እንዲያየው ብላ ያለቀ የሂሳብ ደብተሯን ሰጥታዋለች።

«እስቲ እዩልኝ፣ አንድ ኤክስ የለበትም! ሁሉም ራይት ነው!» ይላል። «እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ልጄ ግን የሰኔን ፈተና ትደፍነዋለች።»

በቀይ እስክሪብቶ የተፈረመውን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ያንተ ፊርማ ነው። እዚህ ከመምጣቴ በፊት፣ ስምንተኛ ክፍል እያለህ፣ የደብተሮችህን ጀርባ የሞላህበት ፊርማ እንዴት ይጠፋኛል? «ልጄ ነው! የልጅህ አስተማሪ የእኔ ልጅ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ደምመላሽ ብድግ ብሎ እጄን ሊስም ጎንበስ አለ። «እትዬ ዘነቡ፣ የወለደ ማህፀንዎ ይባረክ» አለኝ። ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት የጠረግኩት ለካ ለዚህች ቀን ነው አልኩ።

ከዚያ ደብተሩን ተቀብዬ ገለጥኩት።

ግማሽ ሲደመር ሲሶ፣ ሁለት አምስተኛ። ራይት። እኔ ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ነኝ፤ ግን የምውለው ወጥ ቤት ነው። ግማሽ ዳቦ ላይ ሲሶ ጨምረህ እንዴት ከግማሽ ያነሰ ይደርስሃል? ቀጥዬ ገለጥኩ። ያው ስህተት፣ ያው ራይት፣ ከጎኑ «በጣም ጥሩ»። ጥያቄው ብቻ ተገልብጦ መልሱ ባዶ የሆነበት ገጽ ላይ ሳይቀር ፈርመሃል። ልጅቷ የሠራችውን አንድም ቀን አላየህላትም። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! «እማዬ፣ ተማሪዎቼ ሁሉ ጎበዞች ናቸው» ስትለኝ እያመንኩ፣ እዚህ በወሬህ ስንቱን ሰው አሰልችቻለሁ መሰለህ።

የምትለውን አውቃለሁ። ተማሪው ሰባ ሁለት ነው፣ ደሞዙ አይበቃም፣ ርዕሰ መምህሩ የሚያየው ደብተር መታረሙን ብቻ ነው። እሺ። ሰባ ሁለቱ ካቃተህ በቀን አሥር አርም፤ ግን አንብበህ አርም። ኤክስ ያደረግክበትን ልጅ ደግሞ ጠርተህ የት ጋ እንደሳተ አሳየው። የማዳም ልጅ ሰብሪና አለች አይደል? አስተማሪዋ አንዱን ሂሳብ ሦስት ቀን ስታመላልሳት ልጅቷ ታለቅስ ነበር፤ እኔም ሴትዮዋን እረግም ነበር። በአራተኛው ቀን ሰብሪና ራሷ ሂሳቡን ለእኔ አስረዳችኝ። ያቺን ሴትዮ ነው እንግዲህ የረገምኳት፤ አንተን ስመርቅ ከርሜ።

ለደምመላሽ አልነገርኩትም። ደብተሩን ዘግቼ «ጎበዝ ልጅ ናት» አልኩት። ያንተን ስም ላድን ብዬ አባቷን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት። ከዚያ ወዲህ እህል አልበላ ብሎኛል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ እሱ ነው፤ ነገ ጭኖ ይወጣል። ውስጡ ያለውን አያውቅም፤ የሚመጣው ሊያመሰግንህ ነው። እንቁ ለፈተናው ቀን የምታደርገው አዲስ ጫማም ገዝቶላታል። እስከ ፈተናው አንድ ወር ያህል አለህ። ደብተሩን ፊት ለፊቱ ክፈትና ሳታነብ እንደፈረምክ ንገረው። ልጅቷን ከዚያው ቀን ጀምረህ ይዘህ አስተምራት። ተመልሶ ሲመጣ እጠይቀዋለሁ። ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ።

ሌላ ጊዜ ስሰናበትህ «እጅህ ይባረክ» እል ነበር። ዛሬ አልወጣልኝም። ጤናውን ብቻ ይስጥህ።

እናትህ ዘነቡ