በአክስቴ ስልክ ላይ ያልታየችው ቁልፍ

ለተከበሩ የዓይን ሆስፒታላችን የኔትወርክ ደህንነት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? እኔ የቀጠሮ ድረ ገጻችንን የምሠራው የሁለተኛ ፎቅ ሠራተኛዎ፣ ከንዴት በቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ ካፍቴሪያው በር ላይ መለጠፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ ለእርስዎ አቤቱታ የሚቀርብበትን ገጽ ራስዎ ስለዘጉት ሌላ ቦታ አጣሁ።

፩. ባለፈው ወር ለሥራችን የሚጠቅሙንን ድረ ገጾች “ጨዋታና መዝናኛ” ብለው በአንድ ጀምበር ስለዘጉልን እጅ እነሳለሁ። የኮድ ስህተት የሚለቅመው ተዘጋ፤ ቀለም የሚያማርጠው ተዘጋ፤ ዓይኑ የደከመ ሰው ጽሑፉን ማንበብ ይችል እንደሆነ የሚለካው ሳይቀር ተዘጋ። ያውም በዓይን ሆስፒታል! ይህን ሁሉ ዘመን ስጫወት ደመወዝ መብላቴን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. ቢሮዎ በመጣሁ ጊዜ፣ ጎበዝ ባለሙያ ሁሉን በቃሉ ይይዛል ብለው ስለመከሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አሁን ባለቤቴ ቤት ሆኖ ከተዘጉት ገጾች ላይ ኮዱን በስልክ ያነብልኛል፣ እኔ በእስክርቢቶ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ነጠላ ሰረዝ ቢዘል ገጹ ግማሽ ቀን ተኛ፤ ለትዳራችንም ደግ አልሆነም።

፫. ይሄኛው ግን ቀልድ የለውም። ከተዘጉት መካከል አንድ ገጽ በትንሽም በትልቅም ስልክ ላይ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ መሣሪያ ነበር። ሳልሞክረው የቀጠሮው ገጽ በአስቸኳይ ይከፈት ብለው አዘዙ፣ ተከፈተ። በትንንሽ ስልኮች ላይ ቀጠሮ የምታጸድቀው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ወድቃ ቀረች። ሰዎች ስማቸውን ሞልተው፣ ያለቀ መስሏቸው ዘጉት።

ከእነሱ አንዷ እናቴን ተክታ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት። ለዓይን ግፊት ቀዶ ጥገና ስድስት ሰዓት በአውቶቡስ ተጉዛ መጥታ፣ መስኮት አራት ላይ ስምሽ የለም ተባለች። ገጹን የሠራችው የእኔ ልጅ ናት፣ እሷ አትሳሳትም እያለች ከዘበኛው ጋር ስትከራከር ደረስኩ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ! የተሰጣት አዲስ ቀጠሮ ገና ከሦስት ወር በኋላ የሚደርስ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ ግራ ዓይኗ ያን ያህል አይቆይላትም ብሏል።

ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝና ጥፋቱን አልሸሽም። ቁልፏን ከጽዳት ሠራተኞችና ከዘበኞች ስልክ እየለመንኩ፣ በአሥራ አንድ ስልክ ሞክሬ ወደ ቦታዋ መልሻታለሁ። ገጹ ይከፈት ብለው ያዘዙት እርስዎ ነዎትና የቀረው የእርስዎ ፊርማ ብቻ ነው። ጥፋቱ የገጹ እንጂ የታካሚዎቹ አይደለም የሚል አንድ መስመር ካልፈረሙ ቀጠሮ ክፍል ወረፋቸውን አይመልስላቸውም። ወረቀቱን ጠረጴዛዎ ላይ ካስቀመጥኩት ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ ነው፤ ትናንት ሳየው የሻይ ብርጭቆዎ ተቀምጦበት ነበር። ቢያንስ ጥቅም ላይ በመዋሉ ደስ ብሎኛል።

ደጅዎን በመጥናት ጉልበቷ የዛለ፣
ሁሉን በቃሏ ለመያዝ ደፋ ቀና የምትል
ታዛዥ ሠራተኛዎ

ማስታወሻ፦ መልስዎን ለአክስቴ በራስዎ ሊነግሯት ከፈቀዱ፣ ወረፋዋ ይመለስ እንደሆነ ብላ መስኮት አራት ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። እባክዎ በቀኝዋ በኩል ይምጡ፤ በግራዋ ከመጡ አታይዎትም።