የማን ዓይን ይቅደም?

ሻንሺ፣ በንጉሥ ጓንግሹ በ32ኛው ዓመት

ጓንፉ ወዳጄ፣ ፖስታ ካርዷ ጠባብ ስለሆነች የመንገዱን ወሬ ትቼ የሁለት ሽማግሌዎችን ጉድ ላውራህ።

ሠዓሊው አጎቴ የዚህን መንደር ቤተ መቅደስ ግድግዳ ሥሎ ጨርሶ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡት የቡድሃና የዳኦ እምነት አባት የላኦዙ የዓይን ብሌን ብቻ ቀርቶት ነበር። ብሌኑ ሲሣል ሥዕሉ ነፍስ ይዘራል አይደል? ታዲያ ሽማግሌው የቡድሃ መነኩሴና ሽማግሌው የዳኦ ካህን «የኛ ይቅደም» ብለው ተፋጠጡ። ገበያተኛ የሚሻሙት የሰፈራችን ኮምጣጤ ሻጮች እንኳ ከነዚህ ይልቅ ይተማመናሉ!

«የእርስዎ ጌታ ጢም ትናንት እንዲህ አይረዝምም ነበር» አሉ መነኩሴው።

«ጆሮው ትከሻው ላይ የተኛ ጌታ ይዘው ስለ ጢም ያወራሉ?» አሉ ካህኑ።

መንደርተኛው ካልተስማማችሁ ግድግዳውን በኖራ እንለቀልቀዋለን አለ። የአጎቴ የዓመት ልፋት ውሃ ሊበላው ነው! እሱም በሁለት እጁ ሁለት ብሩሽ ይዞ መሰላል ላይ ወጣና የሁለቱን የዓይን ብሌን እኩል መሣል ጀመረ። ሽማግሌዎቹ ግን እንዳያዳላ ብለው መሰላሉን ግራና ቀኝ ይዘው ሲጓተቱ፣ ብሌኖቹ ሁሉ ወደ ጎን ሸሹ። አሁን ቡድሃና ላኦዙ እንደ ሌባና ፖሊስ በጎሪጥ ይተያያሉ።

አለቀልን ስል መነኩሴው ቀና ብለው አዩና «ደግ አደረግህ፣ የኛው የነሱን ይጠብቅልናል» አሉ።

ካህኑም «ይጠብቅ! የኛውም ዓይኑን አይነቅልበትም» ብለው በደስታ ሻማ አበሩ።

እናትህንና እህቶችህን ሳምልኝ። አያትህ ካርዷን ከአንተ ቀድመው እንደሚያነቧት ስለማውቅ፦ አባባ፣ ስለ እርስዎ ምንም አልጻፍኩም!

ያንሊ