«እሺ» ያለውን ሁሉ መንገደኛ ብለው የቆጠሩት የአቶ ፈንታው ቸኮል የሕይወት ታሪክ

አቶ ፈንታው ቸኮል ከአባታቸው ከመሪጌታ ቸኮል ወልደ ሚካኤል እና ከእናታቸው ከወ/ሮ በዛች አምላኩ በመካነ ሰላም ከተማ ጥቅምት 12 ቀን 1954 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ዘንድ ነው። አንደኛ ደረጃን እዚሁ፣ ሁለተኛ ደረጃን ደሴ ተምረው አዲስ አበባ በመግባት በ1977 ዓ.ም. በጂኦግራፊ በዲግሪ ተመረቁ።

ከዚያም ዕድሜያቸውን በአየር መንገድ ሥራ አሳለፉ። አውሮፕላን አላበረሩም፤ የትኛው ከተማ የበረራ ማዕከል ቢሆን መንገደኛ ከየአቅጣጫው እንደሚሰበሰብ ያጠኑ ነበር። በ1984 ዓ.ም. ከወ/ሮ ሸዋረግ አራጋው ጋር በተክሊል ተጋብተው ሰገነትንና ቃለ ክርስቶስን ወልደዋል። ለሕክምና አዲስ አበባ የወጣ የአገር ሰው ሁሉ እሳቸው ቤት ያርፍ ነበር። ይህን የጻፍኩት እኔ ታናሽ ወንድማቸው ወንድማገኘሁም ሰው የሆንኩት በእሳቸው ነው።

እስከዚህ ያለው ለማንበብ አይከብድም። የሚቀጥለውን ተወው ያሉኝ ዘመዶች ነበሩ። ከቀብርተኛው ግማሹ መሬቱን ያጣ ሰው ሆኖ ሳለ ምን ብዬ ነው የምተወው? ያሳፍራል፤ ቢሆንም ይነበባል።

በ2005 ዓ.ም. አንድ የግል ኩባንያ በትናንሽ አውሮፕላኖች ሊሠራ ሲነሳ ማዕከሉን እንዲመርጡለት አቶ ፈንታውን ቀጠረ። እሳቸውም መካነ ሰላምን መረጡ። የአባይና የበሽሎ ገደል ከብቦ ቆርጦናል፤ በመኪና ቀን የሚፈጀው መንገድ በአየር ደቂቃ ነው፤ ከወግዲም ከወረኢሉም ሰው እኛ ዘንድ መጥቶ ይሳፈራል አሉ። የቀረው የአገሩን ሰው መጠየቅ ነበር። ከኩባንያው ሰዎች ጋር መጥተው ገበያ ላይ፣ መስጊድ ደጅ፣ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር እየቆሙ አውሮፕላን ቢመጣ ትሳፈራላችሁ ወይ አሉ። የእኛ ሰው ከሩቅ የመጣ እንግዳን ፊት ለፊት እንቢ አይልም። ክርስቲያኑም እስላሙም «እሺ፣ ኢንሻ አላህ» አለ። ወንድሜ ይህ «እሺ» ምን ዓይነት እንደሆነ ጠፍቷቸው አይደለም። አገራቸው ማዕከል እንድትባል ጓጉተው ሁሉንም መንገደኛ ብለው ቆጠሩ።

ማኮብኮቢያው የእርሻና የግጦሽ ሜዳውን ወሰደ። በ2007 ዓ.ም. አውሮፕላኑ ሲመጣ ሕዝቡ ወጥቶ በእልልታ ተቀበለው፤ ለጉዞው ግን እንደ ወትሮው አውቶቡስ ተሳፈረ። ገደሉ ሰውን ማስቸገሩ እውነት ነው፤ የተቸገረ ሁሉ ግን የአውሮፕላን ቲኬት አይገዛም። ዓመት ሳይሞላ በረራው ቆመ፤ ኩባንያውም ፈረሰ። መሬቱ ለባለቤቶቹ ሳይመለስ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ አቶ ፈንታው አገር ቤት መምጣት አቆሙ። እናታችንን ስንቀብር እንኳ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ቆመው ማንንም ሳይሰናበቱ ሄዱ። በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመሙ ሲጠናባቸው ግን ወ/ሮ ኡምኩልሱም ሰይድ ቤት ውሰደኝ አሉኝ። ወ/ሮ ኡምኩልሱም ማሳቸው በሙሉ ማኮብኮቢያ የሆነባቸው አሮጊት ናቸው። ወንድሜ እግራቸው ላይ ወደቁ።

ወ/ሮ ኡምኩልሱምም፣ «ተነስ ልጄ። እንደ እንግዳ ጠየቅኸን፣ እንደ እንግዳ መለስንልህ። እንደ ልጅ ብትጠይቀን እኮ እውነቱን እንነግርህ ነበር» አሏቸው።

ወንድሜ አፉ ይበሉኝ ብለው ለመኑ። «እሺ» አሏቸው። ወንድሜም ያቺን «እሺ» ያውቋታልና ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ተከናንበው ወጡ።

አቶ ፈንታው በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ63 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና እኔ ቀርተናል። ወደ አፈሬ መልሱኝ ብለው በተናዘዙት መሠረት አምጥተናቸዋል።

ይቅር በሏቸው ብለን እዚህ አስከሬናቸው ፊት አንለምናችሁም፤ እሺ ትሉናላችሁ። ይሉኝታ የማይዘው አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ይቀበል። አሜን።